የሹፌር ግራ ጉንጭ

መጀመሪያ ያወቅኩት በጣቴ ነው። ገዋኔ ከተማ ቆሜ ለአስር ሰላት ዉዱእ ሳደርግ፣ ውሃውን በፊቴ ላይ ሳሳልፍ፣ ከግራ ዓይኔ ሥር አንድ ሻካራ ነገር ነካኝ። ስፋቱ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። የደረቀ ጭቃ መስሎኝ በጥፍሬ ፋቅኩት፤ ተነሳ፣ ትንሽ ደም አመጣ። ውሃ ደገምኩበት፣ ሰገድኩ፣ መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ። በሳምንቱ ሚሌ ላይ ስታጠብ እዚያው ቦታ ተመልሶ አገኘሁት።

በቀን አምስት ጊዜ ፊቱን የሚታጠብ ሰው ፊቱ ላይ የበቀለውን ነገር አላየሁም ሊል አይችልም። እኔም አይቻለሁ። ስድስት ወር ያህል በየቀኑ ነካክቼዋለሁ፣ በየጊዜው ፍቄ አንስቼዋለሁ። ያላደረግኩት ነገር ለሐኪም ማሳየት ብቻ ነው። ይህን የምጽፈውም እንዲህ ያለ ነገር ፊታችሁ ወይም እጃችሁ ላይ አግኝታችሁ “ድርቀት ነው” ብላችሁ ለምታልፉት ነው።

ዘሐራ እባላለሁ። የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ፣ የምኖረው አዋሽ ነው። ሥራዬ ከባድ መኪና ከነተሳቢው መንዳት ነው፤ ጅቡቲ መስመር ላይ አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ። በዚህ መስመር ላይ ያለነውን ሴት ሹፌሮች ኬላ ላይ የሚቆሙት በየስማችን ያውቁናል፤ ብዙ ስላልሆንን። ይህን የምነግራችሁ ለመኩራራት አይደለም ብል ውሸት ይሆናል። እየተኩራራሁ ነው። መሪ የያዝኩ ሰሞን የሳቁብኝ ሰዎች ኋላ ዳገት ላይ መኪናቸው ሲቆም ቆሜ ገመድ ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ።

የሹፌር መቀመጫ በግራ ነው። ከአዋሽ ወደ ሰመራ የሚወርደው መንገድ ወደ ሰሜን ያመራል፤ እኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የምንወርደው ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዞራ በግራችን ስትሆን ነው። ስንመለስ የምንነሳው ጠዋት ነው፤ ያን ጊዜ ምሥራቁ በግራችን ይሆናል። ስለዚህ ስንሄድም ስንመለስም ያንኑ አንድ ጉንጭና ያንኑ አንድ ክንድ ለፀሐይ እንሰጣለን። ይህን ሒሳብ የሠራሁት ከታመምኩ በኋላ ነው። መስታወት ብንዘጋም ከፀሐይ ጨረር ከፊሉ እንደሚያልፍ ያወቅኩትም ያኔ ነው። እኔማ መቼ ዘግቼ አውቃለሁ፤ የምነዳው ክንዴን በመስኮት ጣል አድርጌ ነበር።

ከሰመራ ወዲያ፣ ወደ ጅቡቲ ድንበር መዳረሻ ባለችው ዲቾቶ ላይ ሻይ ስንጠጣ ሹፌሮች አንድ ጨዋታ አለን። ግራ ክንዳችንን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አድርገን እናስተያያለን። የጠቆረው የበላይ ነው። የግራና የቀኝ ክንዱ ቀለም የሚመሳሰል አዲስ ሹፌር ከተገኘ “አንተ ገና ከቢሮ መውጣትህ ነው” ተብሎ ይሳቅበታል። አንድ ጊዜ ሃያ ዓመት የነዳ ሰው በዚህ ክንዴ ረትቼ ሻይ አስገዝቼዋለሁ። መቃጠሌን እንደ ማዕረግ ነበር የማየው፤ ጉንጬ ሲጠቁርም ክንዴ ሲጠቁር ያሰብኩትን ነው ያሰብኩት።

ነጃት የእህቴ ልጅ ናት። ሰመራ ፋርማሲ ትማራለች። ሰመራ በደረስኩ ቁጥር የምበላው እሷ ከጓደኞቿ ጋር ተከራይታ በምትኖርበት ቤት ነው። አንድ ቀን አገጬን ይዛ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞረችና ጉንጬ ላይ የወጣውን ቡኒ ነገር ማድያት ነው አለችኝ። ማድያትም ነበረብኝ፤ አልተሳሳተችም። ሻካራውን ግን ያን ቀን ጠዋት ፍቄ አንስቼው ስለነበር ልታየው አልቻለችም። እኔም አልነገርኳትም።

በሚቀጥለው ጉዞዬ አንድ ትንሽ ጠርሙስ ሴረምና አንድ ቱቦ ክሬም ይዛ ጠበቀችኝ። ሴረሙ ቫይታሚን ሲ እና ቫይታሚን ኢ ያለበት ነው፤ አንቲኦክሲዳንት ይሉታል።

“አክስቴ፣ ጠዋት ታጥበሽ ከዚህ አራት ጠብታ ትቀቢያለሽ” አለችኝ። “ከላዩ የፀሐይ መከላከያ ክሬሙን ታደርጊያለሽ። ክሬሙን በየሁለት ሰዓቱ ትደግሚዋለሽ። ጠርሙሱን ደግሞ ከሙቀትና ከብርሃን አርቂው። እሺ?”

“እሺ” አልኳት። ከነገረችኝ ሁሉ የፈጸምኩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ክሬሙን አንድ ቀን ሞከርኩት። ፊቴን አመድ አስመሰለው፣ አቧራውም ላዩ ላይ ተጋገረ። ዲቾቶ ስደርስ አንዱ ሹፌር ከሩቅ “ዘሐራ፣ ዛሬ የጫንሽው ዱቄት ነው እንዴ?” ብሎ ጮኸ። እንደ አጋጣሚ የጫንኩት ስንዴ ነበር፤ ሳቁ የባሰው ለዚህ ነው። ቱቦውን ከመቀመጫው ሥር ወረወርኩትና እዚያው ቀረ።

ሴረሙን ግን አከበርኩት። ሹፌር የሚያከብረውን ነገር የሚያስቀምጠው ዳሽቦርድ ላይ ነው። ሊብሬው እዚያ ነው፣ መንጃ ፈቃዱ እዚያ ነው፣ መቁጠሪያዬ ሙስበሃም እዚያ ነው። ጠርሙሱን ከእነሱ ጎን፣ ከፊት መስታወቱ ሥር አቆምኩት። የአፋርን ፀሐይ የማያውቅ ካለ ልንገረው፦ ሰመራ ላይ እኩለ ቀን ቆሞ የነበረ መኪና ዳሽቦርድ እጅ አያስነካም። መጀመሪያ እንደ ውሃ የጠራ የነበረው ሴረም በሁለት ሳምንት ቢጫ ሆነ፣ በወሩ የወፈረ ሻይ መሰለ። እኔም በሰለ ብዬ ደስ አለኝ። ኃይሉ አሁን ገና ወጣ አልኩና አራቱን ጠብታ ስምንት አደረግኩት። መቀባቴን ሳየው ልቤ ሙሉ ሆኖ መስኮቱን ከድሮው ይበልጥ ከፍቼ መንዳት ጀመርኩ።

ቅርፊቱ ግን አልሄደም። ከምስር ወደ ባቄላ አደገ። ጠርዙ ከፍ አለ፣ መሐሉ ቆሰለ። ማለዳ ትራሴ ላይ የደም ነጠብጣብ ማየት ጀመርኩ። “ይህን ቢያጆ ልመለስና እታያለሁ” እላለሁ፤ ቢያጆ የምንለው ደርሶ መልሱን ነው። ያንን ስጨርስ ሌላ ጭነት ይመጣል። ሴት ናት፣ ታመመች፣ ቀረች እንዳይሉኝ በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ጭነት አሳልፌ አላውቅም ነበር። በዚህ ነገር ላይ ግትር ነበርኩ፤ ግትርነቴ ግን ሊያሳጣኝ የነበረው ያንኑ የምሳሳለትን መሪ ነው።

ያነቃኝ ሁመድ ነው። ሁመድ ዲቾቶ ላይ ጎሚስታ አለው፣ አፋር ነው፣ ጎማዬን ከአሥር ዓመት በላይ የሚጠግንልኝ እሱ ነው። ነገር አያበዛም። አንድ ቀን ጎማውን ጨርሶ እጁን እየጠረገ ትክ ብሎ አየኝ።

“እህቴ ዘሐራ፣ ይሄ ቁስል ከረመዳን በፊት ነበረ” አለ።

“አዎ፣ ነበረ።”

“ዒድ አለፈ። ሰዎች ሐጅ ሄደው ተመለሱ። እሱ ግን አሁንም አለ። ወላሂ፣ ይሄ ጥሩ አይደለም።”

ከዲቾቶ እስከ ሰመራ ሬዲዮ ሳልከፍት ነዳሁ። ነጃት ዘንድ ስደርስ ቁስሉን ከነጠርዙ አሳየኋት፣ ስንት ወር እንደሆነውም ደብቄ አልቀነስኩም። ፊቷ ተለወጠ። ከዚያ ጠርሙሱን አምጪው አለችኝ። አመጣሁላት። ወደ ብርሃን አንስታ አየችውና ተቀመጠች።

“አክስቴ፣ የሞተር ዘይት ሲጠቁር ምን ታደርጊያለሽ?”

“እለውጠዋለሁ።”

“በሰለ ብለሽ ትነጂበታለሽ?”

ዘይት በጣቴ ነክቼ ዕድሜውን የምናገር ሴት፣ የሞተ መድኃኒት ፊቴ ላይ ስደርብ ከርሜያለሁ። አፈርኩ። ነጃት እንዳስረዳችኝ ቫይታሚን ሲ ሙቀት፣ ብርሃንና አየር ካገኘው ራሱ ኦክሲዳይዝ ይሆናል፤ እንደ ዝገት ማለት ነው። ከዝገት ይጠብቀኛል ያልኩት ነገር ዳሽቦርዴ ላይ ቆሞ ሲዝግ እኔ አጨበጨብኩለት።

በማግሥቱ ሰመራ ሐኪም አየኝ፤ አዲስ አበባ ወዳሉ የቆዳ ሐኪም ጻፈልኝ። ለኃላፊዬ ደውዬ ጭነቱን ሌላ ሹፌር እንዲረከበኝ አደረግኩ። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ ያሳለፍኩት የመጀመሪያው ጭነት ነው።

የቆዳ ሐኪሟ ረጋ ያሉ፣ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ቁስሉን በማጉያ መነጽር አዩት፣ የአንገቴንና የጆሮዬን ሥር ዳበሱ።

“በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ይህ ብዙ አይታይም” አሉ። “ስለማይታይ ነው ሰው አርፍዶ የሚመጣው።”

ባዮፕሲ አሉኝ። በመርፌ አደነዘዙና ትንሽ ቁራጭ ወሰዱ። ውጤቱ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። አዋሽ ቤቴ ተቀምጬ የመኪኖችን ድምፅ ስሰማ የማንኛው ሞተር እንደሆነ እየለየሁ ዋልኩ።

ውጤቱ መጣ።

“ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ ኢን ሲቱ ይባላል” አሉ ሐኪሟ። “ካንሰር ነው። ግን ከላይኛው የቆዳ ንጣፍ ወደ ታች አልወረደም። ቆርጠን እናወጣዋለን።”

ወንበራቸውን አስጠግተው ቀጠሉ።

“ሌላ ልነግርዎት የሚገባ ነገር አለ። ቦታው ለታችኛው የዓይን ቆብዎ በጣም ቅርብ ነው። ቁስሉ ሲድን ቆቡን ወደ ታች ሊስበው ይችላል። ያን ጊዜ ዓይንዎ ሲጨፍን አይገጥምም። ይደርቃል። እይታዎ ሊቀንስ ይችላል።”

“መንዳትስ?”

“ቃል ልገባልዎት አልችልም።”

ካንሰር ሲሉኝ አላለቀስኩም። ይህን ሲሉኝ አለቀስኩ። ፈራሁ። ሞትን ሳይሆን ከመሪው መነሳትን ፈራሁ። አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ ያን ቀን ግን እውነቱ ይህ ነበር።

እንባዬን ጠርጌ ሴረሙ ይሆን ያመጣብኝ ብዬ ጠየቅኩ። አይደለም አሉኝ፤ ያሉትን ቃል በቃል ያዝኩት፣ ለእናንተም ይጠቅማል። “ፀሐይ ቆዳ ውስጥ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ነገሮች ታስነሳለች፤ ሴሉን የሚጎዱ ናቸው። አንቲኦክሲዳንት ከእነሱ የተወሰኑትን ይይዛል። ጥሩ አጋዥ ነው። ነገር ግን ጨረሩን አይመልስም፤ ጨረሩን የሚመልሰው የፀሐይ መከላከያው ክሬም፣ ልብሱና ጥላው ነው። የተጀመረን በሽታ ደግሞ ሴረም አያድንም። የጎዳዎት መቀባትዎ አይደለም፤ ተቀብቻለሁ ብለው መዘግየትዎ ነው።”

ቀዶ ጥገናው የተደረገው ነቅቼ ነው። ያደነዘዙት ፊቴን ብቻ ነው። መብራቱ ይታየኛል። የመቀሱን ድምፅ እሰማለሁ። አይጎትተኝም፣ አያመኝም። ጎትቶ የሚያሳምመኝ ሐሳቡ ነው። ክፍተቱን የደፈኑት ከጉንጬ ጎን ቆዳ አዙረው ነው። ከቁርአን ፋቲሃን ቀራሁ። ስጨርስ ደግሜ ቀራሁ። ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩ አላውቅም።

“ጨርሰናል” አሉ።

ከሳምንት በኋላ ስፌቱን ሊፈቱልኝ ሐኪሟ የላቦራቶሪ ወረቀት ይዘው ገቡ። “የቆረጥነው ጠርዙ ንጹህ ነው። ሁሉም ወጥቷል።” አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ዓይኔ አልገጠመም። መጀመሪያዎቹ ሳምንታት የታችኛው ቆብ ወደ ታች ተስቦ፣ ስተኛ እንኳ ቀጭን ክፍተት ይቀር ነበር። ዓይኔ እንደ አሸዋ ይቆረቁረኛል፣ እንባዬ ሳላዝን ይወርዳል። እህቴ አዋሽ ድረስ መጥታ አስታመመችኝ፤ ነጃትም ፈተናዋን ጨርሳ መጣች። በቀን ብዙ ጊዜ የዓይን ጠብታ አደርጋለሁ፣ ስተኛ በቅባት ሸፍኜ በፕላስተር እዘጋዋለሁ፣ ስፌቱ ሙሉ በሙሉ ከጠገገ በኋላም ሐኪሟ እንዳሳዩኝ ጠባሳውን በጣቴ ወደ ላይ እየገፋሁ በየቀኑ ጠዋትና ማታ አሸዋለሁ፤ ነጃት ሰዓት ይዛ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አትለቀኝም ነበር፤ ሲሰለቸኝ “አክስቴ፣ ጎማ ስትፈቺ ግማሽ ላይ ትተይዋለሽ?” ትለኛለች፤ እኔም እየተነጫነጭኩ እቀጥላለሁ።

በዚህ መሐል ኃላፊዬ ሊጠይቀኝ አዋሽ ድረስ መጣ። ደግ ሰው ነው፣ ስኳርና ብርቱካን ይዞ ነው የመጣው። ተቀምጦ ትንሽ ከተጫወተ በኋላ፣ “ዘሐራ፣ ስምሪት ክፍል ወንበር አዘጋጅተንልሻል። ጥላ ነው፣ አየር ማቀዝቀዣ አለው። ብዙ ለፍተሻል እኮ” አለኝ። ከልቡ ነው፣ አውቃለሁ። እህቴም ከጎኔ ሆና በዓይኗ “እሺ በይ” ትለኛለች። እኔ ግን በሚገጥመውም በማይገጥመውም ዓይኔ አየሁትና፣ “ሐኪም አትነጂም ካለኝ እመጣለሁ። ሐኪም እስኪለኝ ግን ወንበሩን ለደከመው ስጡት” አልኩት። ሳቀ። ሲወጣ ግን እህቴ ተቆጣችኝ፤ ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ረጅም ነበር፣ ግን ወደ ላይ የሚወጣ ነበር። በሁለተኛው ወር መጨረሻ አንድ ጠዋት ተነስቼ ፕላስተሩን ሳነሳ ዓይኔ አልቆረቆረኝም፤ መስታወት ፊት ቆሜ ጨፈንኩና ነጃትን ጠርቼ “ክፍተት አለ?” ብዬ ጠየቅኳት፣ እሷም በጣም ተጠግታ አየችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። በሦስተኛው ወር አዲስ አበባ የዓይን ሐኪም በሁለት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ መረመረኝ፣ ፊደሉን እስከ መጨረሻው መስመር አስነበበኝ፣ ብርሃን አብርቶ አጠፋ፣ በጎን የሚመጣውን ነገር ማየቴን ፈተነ። ከዚያም “ከባድ ተሽከርካሪ ለመንዳት ብቁ ናት” ብሎ ጽፎ ማኅተም አደረገበት። ያን ወረቀት ይዤ ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ እንዲያነብልኝ ነበር የፈለግኩት። ወረቀቱን ኃላፊዬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። መሳቢያውን ከፍቶ የመኪናዬን ቁልፍ አወጣ።

አሁን እንዴት እንደምኖር ልንገራችሁ። ሴረሙን አልተውኩትም። አንድ ጠርሙስ አዋሽ ቤቴ ፍሪጅ ውስጥ፣ አንድ ደግሞ ሰመራ ነጃት ፍሪጅ ውስጥ ከቲማቲሙ ጎን አለ፤ መኪና ውስጥ ግን አይገባም። ጠዋት ታጥቤ እሱን እቀባለሁ፣ ከላዩ የፀሐይ መከላከያውን። ነጃት ከቆዳዬ ጋር የሚመሳሰል ቀለም ያለው ክሬም አገኘችልኝ፤ አመድ አያስመስልም፣ ለማድያትም የተሻለ ነው ተብያለሁ። በየሁለት ሰዓቱ መኪናዬን ዳር አቁሜ እደግመዋለሁ፣ ከዉዱእ በኋላ ደግሞ ሰዓቱ ባይደርስም እደግመዋለሁ፣ ውሃው ያጥበዋልና። ክንዴ ረጅም እጅጌ ለብሷል። ሻሼን ወደ ግራ አውርጄ እስከ ጉንጬ እሸፍናለሁ፣ የጎን መስታወቱን እስካላገደኝ ድረስ። በየስድስት ወሩ ሐኪሟ ያዩኛል።

ዲቾቶ ላይ የዱቄቱን ቀልድ ዛሬም ይቀልዱብኛል። ነገር ግን አሁን ቀልደው ሲጨርሱ አንዱ ቀስ ብሎ ወደ መስኮቴ ይመጣና “የዚያ ክሬም ስሙ ማን ነበር?” ይለኛል። ባለፈው አንዱ ጎልማሳ ሹፌር የግራ ጆሮውን ጫፍ አሳየኝ፤ የማይድን ቅርፊት ነበረበት። ክሬም አልነገርኩትም። ሐኪም ዘንድ ካልሄድክ ከእኔ ጋር ሻይ አትጠጣም አልኩት። ሄደ። ተቆረጠለት፣ ዳነ። የጠባሳችንን ርዝመት ስናለካካ እኔ በለጥኩት፤ በዚህም እኮራለሁ።

ምስጋናዬ ለአላህ ነው፣ ከዚያ ለእኚያ ረጋ ላሉት ሐኪም፣ ፍሪጇንም ልቧንም ለከፈተችልኝ ነጃት፣ ተቆጥታም ላላስራበችኝ እህቴ፣ ነገር ሳያበዛ እውነቱን ለነገረኝ ሁመድ። ለእናንተ ለአንባቢዎቼ የምመክረው አንድ ነገር ነው። ከአንድ ወር በላይ ያልዳነ ቅርፊት ወይም ቁስል ካላችሁ አትፋቁት፣ አትቀቡት፣ ከሰው አትደብቁት፤ ለሐኪም አሳዩት። ሴረምና ክሬም ለጤነኛው ቆዳ ነው። የታመመውን ሐኪም ይየው። ካንሰር ነው ከተባላችሁም፣ እኔም ተብያለሁ፤ ቀድሞ የተያዘ ብዙ ጊዜ ይወጣል። ስለሥራችሁ አታፍሩ፣ ስለመታመማችሁም አታፍሩ። እኔ ያፈርኩባቸው ወራት ናቸው ዓይኔን ሊያስከፍሉኝ የነበሩት።

ይህን የጻፍኩት ሰመራ፣ የማራገፊያ ተራዬን እየጠበቅኩ፣ መኪናዬ ውስጥ ነው። ከፊቴ ሁለት መኪና ቀርቶ ነበር፤ አሁን አንድ ሆነ። ክሬሜን ደግሜያለሁ፣ ሻሼን አስተካክያለሁ፣ በሁለቱም ዓይኔ የፊተኛው መኪና ሲንቀሳቀስ አያለሁ። ተራዬ ደርሷል፣ ልንዳ።